ስልሳ ሕመምተኛ፣ አንዲት ፊደል፦ ስለ አስም ዘረመል ከሀዋሳ የተከፈተ ክር

ክሩን፣ ማለትም የመድረኩን የጥያቄና መልስ ውይይት፣ የከፈተው ሀዋሳ የሚማር የማስተርስ ተማሪ ነው። ርዕሱ ጥያቄ ሳይሆን ያለቀለት ውሳኔ ይመስላል፤ የሀዋሳን ልጆች አስም ከዘረመላቸው አገኘዋለሁ ይላል። ዕቅዱ አጭር ነው። ከሆስፒታል የአዋቂዎች ተመላላሽ ክፍል 60 የአስም ሕመምተኞች፣ ከግቢው ተማሪዎች 60 ጤነኞች፣ ከእያንዳንዳቸው ትንሽ ደም፤ ከዚያ 17ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለችውን አርኤስ7216389 የተባለች የአንድ ፊደል ልዩነት በፒሲአር (የዲኤንኤ ቁራጭን አባዝቶ በሚያሳይ ዘዴ) ማየት። ልዩነቷ በሕመምተኞቹ ላይ በዝታ ከተገኘች፣ ከእንግዲህ ሕፃን እንደተወለደ ተመርምሮ አስም ይይዘው አይይዘው ይታወቃል ባይ ነው። የጠየቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ የትኛው የፒሲአር ዘዴ ይረክሳል፣ ደሙስ ስንት ቀን ይቆያል። የተመለሰለት ግን በአብዛኛው ስላልጠየቀው ነው።

ምላሾቹ 29 ናቸው። እንደመጡበት ቅደም ተከተል እተርካቸዋለሁ፤ በርታ ከማለት ያላለፈውን ቁጥር 7ን ግን እዘለዋለሁ።

1ኛው ምላሽ ጠያቂውን አንቱ እያለ ከመሠረቱ ጀመረ። የሰው ዘረመል 3 ቢሊዮን ገደማ ፊደል አለው፤ የፊደሉ ዓይነት አራት ብቻ ነው፣ ኤ፣ ሲ፣ ጂ እና ቲ። የማይዛመዱ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቢነበቡ ከየ1,000 ፊደሉ በአንዱ ገደማ ይለያያሉ። አንድን ሰው ከማመሳከሪያው ጂኖም (ለማነጻጸሪያ ከተቀመጠው ሙሉ የሰው ዘረመል) ጋር ብናስተያይ ከ4 እስከ 5 ሚሊዮን ቦታ ላይ ልዩነት ይገኝበታል፤ አፍሪካውያን ወደ ላይኛው ቁጥር ይጠጋሉ። በሕዝብ ውስጥ ቢያንስ 1 በመቶ ድርሻ ያለው የአንድ ፊደል ልዩነት በተለምዶ ስኒፕ ይባላል። አብዛኞቹ ስኒፖች የሚለውጡት ነገር የለም። ከበሽታ ጋር ግንኙነት የታየባቸውም ቢሆኑ ብዙዎቹ ፕሮቲኑን አይነኩትም፤ የሚነኩት ጂኑ ምን ያህል እንደሚሠራ ነው። ሬዲዮኑ ያው ሬዲዮን ሆኖ ድምፁ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ እንደማለት ነው፤ የሚተላለፈው ፕሮግራም አይለወጥም።

2ኛው ተማሪው ስለመረጣት ስኒፕ ነው፤ ከክሩ ሁሉ አብዝቶ የተጠቀሰውም እሱ ነው። ስኒፗ የታወቀችው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። 994 በልጅነታቸው አስም የጀመራቸውና 1,243 አስም የሌለባቸው አውሮፓውያን ከ317,000 በላይ ስኒፕ ታይቶላቸው፣ ምልክቱ ጎልቶ የወጣው በ17ኛው ክሮሞዞም ረጅም ክንድ ላይ 17ኪው21 በሚባለው ቦታ ነበር። በዚያው ሰፈር ኦአርኤምዲኤል3 እና ጂኤስዲኤምቢ የተባሉ ጂኖች ጎን ለጎን አሉ። በ2010 ከ10,000 በላይ ሕመምተኞች ያሉት ትልቅ ጥናት አካባቢውን ዳግም አረጋገጠ፤ ግን ምልክቱ የሚታየው በልጅነት ለሚጀምር አስም መሆኑንም አብሮ አሳየ። ያው ጥናት አይኤል33 እና አይኤል1አርኤል1 የተባሉ ጂኖችን፣ ሌሎችንም አክሏል።

ከዚያ ይህ ጸሐፊ ክሩን እስከ መጨረሻ የያዘችውን ምሳሌ አመጣ። በእኛ ከተማ ሰው ቤቱን ሲያስረዳ በቁጥር አይናገርም፤ ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ወይም ከመናኸሪያው አጠገብ ይላል። መናኸሪያው ቤቱ አይደለም። አርኤስ7216389ም መናኸሪያ ናት። ጥፋቱን የሚሠራው ፊደል በአቅራቢያዋ የሆነ ቦታ አለ፤ እሷ ግን የሰፈር ምልክት ናት እንጂ ባለቤቱ አይደለችም። ስለዚህ የአስም ዘረመል አገኘሁ የሚለው አባባል ከርዕሱ ይውጣ ብሎ መከረ።

3ኛው አንዱን ቁጥር ብቻ አፍታታ። በእነዚህ ጥናቶች 17ኪው21 ላይ የሚገኘው ኦድስ ሬሾ (ልዩነቷን የተሸከሙት የመያዝ ዕድል ካልተሸከሙት ጋር ሲነጻጸር ስንት እጥፍ እንደሆነ) ከ1.3 እስከ 1.5 ነው። ለስሌት ያህል ከ100 ልጆች 10ሩ አስም ይይዛቸዋል እንበል። ሬሾው 1.4 ከሆነ ልዩነቷን ከተሸከሙት 100 ልጆች 13 ወይም 14ቱ ይያዛሉ። የቀሩት 86ቱ ልዩነቷን እንደተሸከሙ ሳያፍናቸው ያድጋሉ፤ ካልተሸከሙት ውስጥ ደግሞ 10ሩ ያፍናቸዋል። በዚህ ሕፃን መርምሮ ለእናት ዕጣ ፈንታ መንገር አይቻልም። እኔ ብሆን ከዚህ በላይ የሚያስፈልግ አልመሰለኝም ነበር፤ ክሩ ግን ገና መጀመሩ ነው።

4ኛው በስታትስቲክስ ገባ። ስኒፗ በጤነኞች ዘንድ 30 በመቶ ብትሆን፣ ኃይሏ፣ ማለት ኦድስ ሬሾዋ፣ 1.3 ብትሆን፣ በ0.05 ወለል (ፒ ቫልዩው፣ ማለት ልዩነት ሳይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመምጣት ዕድሉ፣ ከዚህ በታች መሆን አለበት) እና በ80 በመቶ የማግኘት ዕድል ለማየት ከእያንዳንዱ ወገን 516 ገደማ ሰው ያስፈልጋል። ኃይሏ 1.2 ብቻ ከሆነ ወደ 1,090 ይወጣል። 60 በ60 ግን ከ2.1 ያነሰ ሬሾ በቅጡ አያይም፤ በትልልቆቹ ጥናቶች ደግሞ በዚያ ቦታ የተገኘው ኃይል ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። የባሰው ሌላው ነው፤ በትንሽ ናሙና ፒ ቫልዩው ከ0.05 በታች ከወረደ የሚገኘው ሬሾ የግድ የተጋነነ ይሆናል፣ ምክንያቱም ያልተጋነነው ወለሉን አያልፍም። በየመጽሔቱ 3 እና 4 የሚል ሬሾ ይዘው ወጥተው ማንም ያልደገማቸው ትንንሽ ጥናቶች የሚፈጠሩት እንዲህ ነው።

5ኛው 516ም አይበቃም ብሎ ተነሣ። የጂኖም ጥናት ወለል 5 ሲካፈል ለ100 ሚሊዮን ነው፣ በዚህ ሒሳብ ከእያንዳንዱ ወገን 2,600 ሰው ያስፈልጋል አለ። 6ኛው አረመው። ያ ወለል 0.05ን ለአንድ ሚሊዮን ገደማ ነጻ ፈተና በማካፈል የመጣ ነው፤ የሚሠራው ጂኖሙን ሙሉ ለሚያስስ ነው። አስቀድሞ አንዲት ስኒፕ መርጦ ለገባ 0.05 በቂ ነው። 20 ስኒፕ ከፈተነ 0.0025 ይሁን። 20 ፈትኖ ያማረችዋን አንዷን ብቻ መጻፍ ግን ማጭበርበር ነው ብሎ ደመደመ፤ እዚህ ጋ የክሩ ድምፅ ትንሽ ጠጠር አለ።

8ኛው ጨዋነቱን ሙሉ በሙሉ ተወው። ያነሣቸው ነጥቦች ግን በሙሉ ልክ ናቸው። መጀመሪያ፣ ዕቅዱ ስለ ልጆች እያወራ ናሙናውን ከአዋቂዎች ተመላላሽ ክፍል ይወስዳል፤ የ17ኪው21 ምልክት ደግሞ በጉልምስና ለሚጀምር አስም ይደበዝዛል። ስለዚህ ስንት ዓመታቸው ላይ እንደጀመራቸው ያልተጠየቁ ሕመምተኞች ዋጋ የላቸውም። ሁለተኛ፣ አስም ተብሎ ካርዱ ላይ የተጻፈ ሁሉ አስም አይደለም። ለ30 ዓመት ጎጆ ውስጥ በእንጨት ጭስ ስታበስል የኖረች የ55 ዓመት ሴት ትንፋሽ ቢያጥራት አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ሲኦፒዲ፣ ማለት ሥር የሰደደ የሳንባ ቱቦ መጥበብ፣ ነው። መለያው ስፓይሮሜትር የሚባለው የትንፋሽ መለኪያ ነው፤ ካስነፉ በኋላ 400 ማይክሮግራም ሳልቡታሞል (የመተንፈሻ ቱቦ የሚከፍት መድኃኒት)፣ ማለት 4 ፓፍ በስፔሰር (በፓፉና በአፍ መካከል በሚገባ ማቆያ) ሰጥቶ 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና ማስነፋት። በአንደኛው ሰከንድ የሚወጣው አየር በ12 በመቶና በ200 ሚሊሊትር ከጨመረ አስም ለማለት መሠረት ይኖራል።

ሦስተኛው ነጥብ ዋናው ነው። ሪፈራል ሆስፒታል የሚመጣው ሕመምተኛ ከከተማውም ከዙሪያ ወረዳዎችም ነው። የግቢው ተማሪ ግን ከአገሪቱ ማዕዘናት በሙሉ ተመድቦ የመጣ ነው። የሁለቱ የትውልድ ስብጥር ስለሚለያይ ከአስም ጋር ምንም የማይገናኝ ስኒፕ እንኳ በአንዱ ወገን ሊበዛ ይችላል። በዚህ ናሙና ወተት የመፍጨት ስኒፕ ቢፈተን የአስም ስኒፕ ሆኖ ይወጣል ብሎ አላገጠ። ማነጻጸሪያው መምጣት ያለበት ከዚያው ሆስፒታል ነው፣ ለምሳሌ ለስብራት ወይም ለዓይን ከመጡ፣ በዕድሜና በመጡበት ወረዳ ከሕመምተኞቹ ጋር ከሚመሳሰሉ ሰዎች።

በ9ኛው ላይ ጠያቂው ብቅ ብሎ አማካሪዬ ዕቅዱን አይቶ ተስማምቷል፣ ሌላ አገር በ50 ሰው የታተመ አይቻለሁ አለ። 10ኛው በአጭሩ መለሰለት፤ እስከዚህ ሲሰማ የነበረው አንቱታም እዚህ ላይ ወደ አንተ ወረደ። የታተመ ሁሉ እውነት አይደለም፣ አማካሪም ፊርማው ሒሳብ አይቀይርም የሚል ይዘት ነበረው። ከዚያ በታች አንድ ጠቃሚ ነገር ጣል አድርጎ ሄደ። የራስን ሒሳብ ለማየት ነጻ የናሙና መጠን ማስሊያ ፕሮግራሞች አሉ፤ የሚፈልጉት አራት ቁጥር ብቻ ነው፣ የስኒፗ ድርሻ፣ የሚጠበቀው ሬሾ፣ ወለሉና የማግኘት ዕድሉ።

11ኛው ወደ መናኸሪያው ምሳሌ ተመለሰ፤ ለእኔ ከክሩ ሁሉ የበሰለው ይህ ነው። በአውሮፓውያን ዘንድ ጎረቤት ፊደሎች በረጅም ጥቅል አብረው ይወረሳሉ፤ ስለዚህ መናኸሪያውን ያገኘ ቤቱ አጠገብ ነው። የአፍሪካ ሕዝብ ጥንታዊ ነው። በብዙ ሺህ ትውልድ ውስጥ ክሮሞዞሞች እየተቆራረጡ ስለተዋሐዱ ጥቅሎቹ አጭር ናቸው። መናኸሪያው ከቤቱ ተነጥሎ ሊሆን ይችላል፤ አውሮፓ ላይ የሠራች ምልክት እዚህ ምንም ላትጠቁም ትችላለች። ተማሪው ምንም ባያገኝ ጂኑ በኢትዮጵያ አይሠራም ማለት አይደለም፤ ጠቋሚዋ አልጠቆመችም ማለት ብቻ ነው። ይህንን አስቀድሞ ለማጣራት የሚያገለግል መረጃ ደግሞ ለእኛ ሳሳ ያለ ነው። በ2015 የተጠናቀቀው የ1,000 ጂኖሞች ፕሮጀክት ከ26 ሕዝቦች 2,504 ሰው ቢያነብም ከኢትዮጵያ አንድም የለበትም፤ ቅርባችን የኬንያ ሉህያ ናቸው፣ እነሱም እኛን አይወክሉም። ስለዚህ ከአንዷ ስኒፕ ይልቅ በዚያው ሰፈር ያሉ ስድስት ሰባት ስኒፖችን አብሮ ማየት ይሻላል። ከእነሱ አንዷ አርኤስ11078928 ትሁን አለ፤ ይህች ጂኤስዲኤምቢ ሲገጣጠም አንድ ቁራጭ እንዲዘለል የምታደርግ፣ ፕሮቲኑንም የመተንፈሻ ቱቦ ሴል የመግደል አቅሙን የምታሳጣ ስለሆነች ከምልክትነት ወደ ባለቤትነት ትጠጋለች።

12ኛው በመጨረሻ የተጠየቀውን መለሰ። ደሙ ባለ ሐምራዊ ክዳን ቱቦ ውስጥ ይቀዳ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኢዲቲኤ ያለበት ነው፤ 3 ሚሊሊትር ይበቃል። ከተቀዳ በኋላ 8 ወይም 10 ጊዜ ቀስ ብሎ መገልበጥ እንጂ መናጥ የለም። 4 ዲግሪ ላይ ጥቂት ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ በትንሽ በትንሹ ተከፋፍሎ ይቀዝቅዝ፣ ቀዝቅዞ መቅለጥ በተደጋገመ ቁጥር ዲኤንኤው ይቆራረጣልና። ከ200 ማይክሮሊትር ደም በኮለም ኪት 5 ማይክሮግራም ገደማ ዲኤንኤ ይወጣል፤ ለአንድ ፒሲአር 10 ወይም 20 ናኖግራም ስለሚበቃ ለመቶዎች ይሆናል። የዲኤንኤውን ንጽሕና የሚያሳየው የ260 ለ280 የብርሃን ንባብ ወደ 1.8 መጠጋት አለበት፤ ከ1.6 ከወረደ ፕሮቲን ቀርቶበታል።

ስለ ዘዴው፣ የሚረክሰው ቆርጦ መለየት ነው። ስኒፗ ያለችበትን ቁራጭ በፒሲአር አብዝቶ፣ አንደኛውን ፊደል ብቻ የሚቆርጥ ኢንዛይም ጨምሮ 37 ዲግሪ ላይ አሳድሮ፣ በ3 በመቶ አጋሮዝ ጄል ማየት። የተቆረጠ ብቻ፣ ያልተቆረጠ ብቻ፣ ሁለቱም፤ ሦስቱ ጂኖታይፖች (ከሁለቱ ወላጆች የተወረሱ የፊደል ጥምረቶች) እነዚህ ናቸው። ታክማን የሚባለው ሌላው የፒሲአር ዘዴ ውድ ቢሆንም ጄል አያስፈልገውም። ሁለት ቀለም ያላቸው መፈለጊያዎች ገብተው በ95 ዲግሪ 15 ሰከንድ፣ በ60 ዲግሪ 1 ደቂቃ፣ 40 ዙር ከዞረ በኋላ ማሽኑ ራሱ ሦስት ክምር ያወጣል።

13ኛው 12ኛውን አላስተባበለም፣ የጎደለውን ሞላ እንጂ። ባለ ሐምራዊው ክዳን ቱቦ ካለቀ ሌላ የለም ተብሎ ባለ አረንጓዴው እንዳይወሰድ፤ ውስጡ ያለው ሄፓሪን ፒሲአሩን ያንቀዋል። ቆራጩ ኢንዛይም 50 በመቶ ግሊሰሪን ውስጥ ስለሚቀመጥ ከጠቅላላው መጠን ከአንድ አሥረኛ በላይ ከገባ ኢንዛይሙ ያልታዘዘውን ቦታ ይቆርጣል። መብራት በጠፋ ቁጥር ፍሪዘሩን እየከፈቱ ማየት ኢንዛይሙን ከመጥፋቱ በላይ ይጎዳዋል፤ ኢንዛይሞቹ በጠረጴዛ ማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ ሆነው ፍሪዘሩ ውስጥ ይቀመጡ። ዋናው ማስጠንቀቂያው ግን ስለ አሰላለፍ ነበር። ሕመምተኞቹን ሰኞ፣ ጤነኞቹን ሐሙስ መሥራት የለም። ባለ 96 ጉድጓዱ ፕሌት ላይ ተደባልቀው ይግቡ፣ ሁለት ጉድጓድ ውኃ ብቻ ይሁን፣ ከናሙናው 10 በመቶው ሁለት ጊዜ ይሠራ። ካልሆነ የሰኞና የሐሙስ ልዩነት የአስም ልዩነት መስሎ ይወጣል።

14ኛው ስሕተቱ ከተፈጠረ እንዴት እንደሚያዝ በቁጥር አሳየ። 60 ጤነኞች ውስጥ የሁለቱ ፊደሎች ድርሻ እኩል ከሆነ የሚጠበቀው 15፣ 30፣ 15 ነው፤ መሐለኛው ከአባትና ከእናት የተለያየ ፊደል የወረሰው ነው። 25፣ 10፣ 25 ከወጣ ካይ ስኩዌሩ (ከሚጠበቀው ምን ያህል እንደራቀ የሚለካው ቁጥር) 26.7 ይሆናል፣ ድንበሩ 3.84 ሲሆን። ይህ ግኝት አይደለም፤ አንዱ ፊደል በፒሲአሩ እየተዘለለ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ፕራይመሩ (ፒሲአሩን የሚያስጀምረው አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሌላ ስኒፕ ስላለ። ፕራይመሩ የተነደፈው ከአውሮፓውያን ቅደም ተከተል ከሆነ ይህ እዚህ ይብሳል። በተቃራኒው ሁሉም ማለት ይቻላል መሐለኛ ሆኖ ከወጣ ኢንዛይሙ ግማሽ ቆርጦ ትቶታል። ይህ ሚዛን በጤነኞቹ ላይ ሳይታይ ስለ ሕመምተኞቹ አንድ ቃል አይጻፍ።

ከዚህ ላይ ክሩ ከቤተ ሙከራ ወጣ። 15ኛው ላይ አንዲት እናት ምራቅ ተቀብለው ዘረመል ለሚያነቡ የውጭ ኩባንያዎች የልጅ ናሙና ልኮ የአስም ስጋት ማወቅ ገንዘቡ ይገባዋል ወይ ብላ ጠየቀች። 16ኛው በትሕትና አይገባውም አላት፣ ምክንያቱንም ሳያሳጥር። ኩባንያዎቹ የብዙ ስኒፕ ድምር ነጥብ ነው የሚሰጡት። በ2019 በወጣ ስሌት እንዲህ ያለ ነጥብ በሚሠራባቸው ጥናቶች 79 በመቶ ያህሉ ተሳታፊ አውሮፓዊ ነበር፤ የነጥቡም ትክክለኛነት በአፍሪካውያን ላይ በ4.5 እጥፍ ገደማ ይወርዳል። እንደ ቁመት ያለ ለመለካት የቀለለ ባሕርይ እንኳ ይህን ያሳያል። በ2022 ከ5.4 ሚሊዮን ሰው 12,111 ስኒፖች ተለቅመው በአውሮፓውያን መካከል ካለው የቁመት ልዩነት 40 በመቶውን ሲያስረዱ፣ በሌሎች ሕዝቦች ያስረዱት ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ ነው። አስም ከቁመት የባሰ ውስብስብ ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ ከመሆን አያልፍም አለ። ቤት ውስጥ አስም ያለበት እናት ወይም አባት መኖሩን መጠየቅ ምንም ሳይከፈል የተሻለ ይነግራል።

17ኛው በዚያ ገንዘብ ስፔሰር ግዢ ብሎ መለሰላት፤ ስፔሰር ከታጣም ባለ ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙስ ይሠራል። የጠርሙሱ ቂጥ በጋለ ሽቦ በፓፉ አፍ ልክ ይበሳል፣ ፓፉ ይሰካል፣ ዙሪያው በማጣበቂያ ይደፈናል፣ ልጁ በጠርሙሱ አፍ ይተነፍሳል። ፓፉ ይናጣል፣ አንድ ጊዜ ይጫናል፣ ልጁ 5 ወይም 6 ጊዜ በዝግታ ይተነፍሳል፤ ከዚያ ነው ሁለተኛው። 18ኛው ሦስት ነገር ጨመረ። አዲስ ፕላስቲክ ዱቄቱን ወደ ግድግዳው ስለሚስብ አስቀድሞ በፈሳሽ ሳሙና ታጥቦ ሳይወለወል ይድረቅ። ሁለት ሦስት ፓፍ አከታትሎ ጠርሙስ ውስጥ መርጨት መድኃኒቱን እርስ በርሱ አጋጭቶ ያባክነዋል። ማለቁን ለማወቅ ቆርቆሮውን ውኃ ላይ ማንሳፈፍ የቆየ ልማድ ነው፣ አይታመንም፤ 200 ፓፍ ነው ያለው፣ ይቆጠር። የስቴሮይዱ ፓፍ ከሆነ አፍ ይጉመጥመጥ፣ አለዚያ ምላስ ላይ ነጭ ፈንገስ ይወጣል። ከርዕሱ ወጥተዋል ብሎ ያማረረ የለም፤ እኔም አላማርርም።

19ኛው ወደ ዘረመል ሲመልሰው በጥድፊያ ነበር። ሳልቡታሞል የሚያርፍበት ተቀባይ ጂን፣ ኤዲአርቢ2፣ 16ኛው ቦታው ላይ አርጂኒን ወይም ግላይሲን አለው፤ ከሁለቱም ወላጅ አርጂኒን የወረሰ ሰው ሳልቡታሞል ይጎዳዋል፣ ስለዚህ ሁሉም ሕመምተኛ ይመርመር አለ። 20ኛው ግማሹን ተቀበለ፣ ግማሹን ጣለ። በ2004 በወጣ ሙከራ በየዕለቱ በመደበኛነት ሲወስዱት እነዚህ ሰዎች የትንፋሽ ኃይላቸው ዝቅ ብሎ መታየቱ እውነት ነው። በ2009 ግን ረጅም የሚሠራው ሳልሜቴሮል ከሚነፋ ስቴሮይድ ጋር ሲሰጥ ሁለቱም ወገኖች ተሻላቸው። ለመድኃኒት ምርጫ ምርመራው አያስፈልግም፤ ሳልቡታሞልን ብቻውን እየነፉ መኖር ምንም ዓይነት ጂኖታይፕ ላለው ሰው ጥሩ አይደለም፣ ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያም ከ2019 ጀምሮ ለአዋቂዎችና ለጎረምሶች ሳልቡታሞልን ያለ ስቴሮይድ ብቻውን አይመክርም።

21ኛው እስካሁን ማንም ያላነሣውን የኢትዮጵያ ነገር አመጣ። ኮዴይን የተባለውን የሳልና የሕመም ማስታገሻ ወደ ሞርፊን የሚቀይረው ኢንዛይም ሲዋይፒ2ዲ6 ነው። በ1996 በታተመ ጥናት ከ122 ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህን ጂን ተጨማሪ ቅጂ ተሸክመው ተገኝተዋል፤ ይህ በአውሮፓውያን ዘንድ ከሚታየው በእጅጉ ይበልጣል። ተጨማሪ ቅጂ ያለው ሰው ኮዴይን ሲወስድ ሞርፊኑ በአንድ ጊዜ ይበዛበታል፣ ትንፋሹም ሊዳከም ይችላል። ስለዚህ ለሚያስለው ልጅ፣ ይልቁንም አስም ላለበት፣ ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ አይሰጥ፤ የአውሮፓ ተቆጣጣሪ በ2015፣ የአሜሪካው በ2017 ከ12 ዓመት በታች ከልክለውታል። አንድ እርማት ራሱ ላይ ጨመረ፤ ይህ ስኒፕ አይደለም፣ ሙሉ ጂን መደጋገሙ ነው፣ በተራ የስኒፕ ምርመራም አይታይም። ሳልቡታሞል በዚህ ኢንዛይም ስለማይሄድ ፓፉን አይመለከትም።

22ኛው ከአዳማ ነኝ ባይ ነው። ዘረመሉን ተዉት፣ የአዳማን አቧራና ነፋስ ያየ አስም ከየት እንደሚመጣ አይጠይቅም አለ፤ የሀዋሳ ሰዎች ሐይቃቸውን እያዩ የሚያወሩት ቅንጦት ነው። ነፋሱ 204 ሜጋ ዋት መብራት ያመነጫል ብሎም ፎከረ፤ ቁጥሩ ልክ ነው፣ የሁለቱ ዙር የነፋስ ኃይል ጣቢያ ድምር ነው። 23ኛው ቀልዱን አለፈና አካባቢን ከዘረመል ለይቶ ማየት አይቻልም አለ። አሚሽና ሃተራይት የሚባሉት የአሜሪካ ገበሬ ማኅበረሰቦች በዘር ይቀራረባሉ፤ ሆኖም በ2016 በወጣ ጥናት በአሚሽ ልጆች አስም 5.2 በመቶ ሲሆን በሃተራይት 21.3 በመቶ ነው። አሚሽ ከብቶቻቸውን ቤታቸው አጠገብ ያረባሉ፣ ሃተራይት በማሽን በሚሠሩ ሩቅ በረቶች። የእኛውም ጅማ ላይ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በተሠሩ ጥናቶች አስም ከገጠር ይልቅ ከተማ ላይ በዝቶ፣ የአንጀት ትል ያለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ አንሶ ተገኝቷል፤ በቤት ውስጥ ላምባ መጠቀምም ከአለርጂ ጋር ተያይዟል። 17ኪው21 ራሱ ኃይሉ ጎልቶ የሚታየው በሕፃንነታቸው ራይኖ ቫይረስ (የጉንፋን ቫይረስ) ይዟቸው ደረታቸው ሲር ሲር ባለ ልጆች ላይ ነው። እና አዳማም ሐይቁም ጂኑም አንድ ላይ ናቸው ብሎ ጨረሰ።

24ኛው ወተት የማይስማማው ሰው የአስም ዘር አለው ሲል 25ኛው በሁለት መስመር ቆረጠው። የወተት ስኳር አለመፈጨት አለርጂ አይደለም፣ ከአስምም አይገናኝም። አዋቂ ወተት እንዲፈጭ የሚያስችለው የአውሮፓ ልዩነት፣ ቦታ 13910 ላይ ያለው፣ በእኛ ዘንድ ሥራውን የሚሠራው አይደለም፤ በኢትዮጵያ 13907፣ 13915 እና 14009 ላይ ያሉ ሌሎች ፊደሎች ናቸው። ለአውሮፓዊ የተሠራ የወተት ምርመራ እዚህ ምንም የለም ብሎ ይመልሳል፣ ሰውየው ግን አንድ ጮጮ ጠጥቶ ምንም አይሆንም። ቁጥር 11ን በአንድ ምሳሌ ያስረዳው ይኸው ነው።

26ኛው የለም። የትኛው ብሔር አስም ይበዛበታል የሚል ክርክር የጀመረ ጽሑፍ ነበር፤ አወያዩ አንሥቶት ማሳሰቢያ ብቻ ትቶበታል።

27ኛው ላይ ጠያቂው ተመለሰ። ድምፁ ተለውጧል። ከ500 በላይ ሕመምተኛ በቀረው 8 ወር እንደማያገኝ፣ በጀቱም የ120 ሰው ብቻ እንደሆነ ገልጾ ርዕሱን ልተወው ወይ አለ። 28ኛው አትተው፣ ጥያቄውን ቀይር አለው። 120 ሰው 240 ክሮሞዞም ነው። 30 በመቶ ገደማ የሆነችን ስኒፕ ድርሻ በ240 ክሮሞዞም ላይ ወደላይና ወደታች በ6 ነጥብ ብቻ ስቶ መገመት ይቻላል። የ17ኪው21 ስድስት ስኒፖች ሀዋሳ ላይ ምን ያህል ድርሻ እንዳላቸው፣ የትኞቹ አብረው እንደሚወረሱ፣ የትኞቹስ እንደተነጣጠሉ ለመጻፍ ያ ይበቃል። ሕመምተኛና ጤነኛ ማነጻጸር አያስፈልግም። ነገ 1,000 ሕመምተኛ የሚሰበስብ ሰው የትኛዋን ስኒፕ መርጦ እንደሚጀምር ከዚያ ያውቃል። ተሳታፊዎቹ ግን እርስ በርስ የማይዛመዱ ይሁኑ፤ ቅጹ ላይም የአራቱ አያቶች የትውልድ ቦታ ይጠየቅ፣ ከብሔር ስም ይልቅ ያ ይጠቅማል። ናሙና ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነቱ ከሥነ ምግባር ፈቃዱ ጋር አብሮ ዛሬውኑ ይጀመር፤ ወራት ይፈጃል።

29ኛው የመጨረሻው ነው፣ ከዚያ ወዲህ የጻፈ የለም። ቱቦዎቹ ላይ የተሳታፊው ቁጥር በእርሳስ፣ ያውም በማይላጥ ወረቀት ላይ ይጻፍ ይላል፤ ጠረጴዛው በአልኮል በተወለወለ ቁጥር የማርከር ቀለም አብሮ ይሄዳል።